ልጆቻችን የሚጽፉለት ሰው ይፈልጋሉ

(በማኅበራችን 25ኛ ዓመት በዓል ላይ ለወላጆች የቀረበ ንግግር)





የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ ስለ ልጆቻችን የመጻፍ ፍላጎትና በራስ መተማመን እንድናገር ሲጠይቀኝ «ለዚህማ መምህራኑ አሉ» ብዬ ነበር። ኮሚቴው ግን «መምህራኑ ልጆቹን ክፍል ውስጥ ያዩአቸዋል፤ አንተ ደግሞ ከክፍል ውጪ ታያቸዋለህ» አለኝ። እውነት ነው፤ ገዳሪፍ ውስጥ ሱቅ ያለው ሰው የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ የምናገረው እንደ ትምህርት ባለሙያ ሳይሆን፣ 12ኛ ክፍል ጨርሶ ኑሮውን በንግድ እንደሚመራ አንድ ወላጅ ነው።

የምለው ነገር ባጭሩ ይህ ነው። ልጆቻችን የማይጽፉት መጻፍ አቅቷቸው አይደለም። የሚጽፉለት ሰው ስላጡና ስሕተትን ስለሚፈሩ ነው። እነዚህን ሁለት ነገሮች ማስተካከል ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በእኛ በወላጆች እጅ ያለ ነገር ነው።

መጀመሪያ «መጻፍ አቅቷቸው አይደለም» ያልኩበትን ምክንያት ላስረዳ። ከዚህ አዳራሽ ውስጥ ብዙዎቻችሁ በሱቄ የዱቤ ደብተር ላይ ገጽ አላችሁ። ዛሬ በዓል ስለሆነ ስለ ሒሳቡ አላነሳም። ልጆቻችሁን ለዕቃ ስትልኩ ግን የወሰዱትን በቤተሰቡ ገጽ ላይ ራሳቸው እንዲጽፉ አደርጋለሁ። አንድ የ11 ዓመት ልጅ «ስኳር 2 ረጥል፣ ዘይት 1፣ ሳሙና 3። እናቴ ሐሙስ ትከፍላለች» ብሎ ጻፈ። «እናቴ ሐሙስ ትከፍላለች» ብለህ ጨምር ያለው ሰው የለም። ሳይከፍል ዕቃ መውሰዱ ከንክኖት፣ እኔም እንዳልጠራጠር አስቦ ከራሱ ያመጣው ነው። አንዲት ልጅ ደግሞ ከእናቷ ዝርዝር በታች «ጋሼ፣ ብስኩት 1። ይሄኛው የእኔ ነው፤ ለእማዬ እንዳይነግሩብኝ» ብላ ጽፋልኛለች። ፊደሉ ተጣሞ ይሆናል፤ ሐሳቡ ግን አልተጣመመም። አንዱ ዋስ ይሆናል፣ አንዷ ምስጢር ታስጠብቃለች። ከዚህ የበለጠ ጽሕፈት ምን አለ?

እነዚሁ ልጆች ዓርብ ዕለት በማኅበራችን ክፍል ተቀምጠው «ስለ ቤተሰባችሁ አምስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ» ሲባሉ እርሳስ ሲያኝኩ ይቆያሉ። ግማሹ ከጓደኛው ይገለብጣል። ግማሹ «ቤተሰቤን እወዳለሁ» ብሎ አንድ መስመር ይጽፍና ያበቃል። መምህራኑን በዚህ አልወቅስም፤ በነፃ ጊዜያቸው የሚያስተምሩ ሰዎች ናቸው። ጥያቄዬ ልዩነቱ ከየት መጣ የሚል ነው። ልዩነቱ ይመስለኛል እንዲህ ነው። በሱቁ ደብተር ላይ ሲጽፍ የሚያነብለት ሰው ፊት ለፊቱ ቆሟል፤ የሚያነበውም ሊያርመው ሳይሆን ሊረዳው ነው። በክፍሉ ደብተር ላይ ሲጽፍ ግን የሚያነብለት ሰው ስሕተት ፈላጊ እንደሆነ አስቀድሞ ያውቃል።

ይህ ፍርሃት ከትምህርት ቤት ብቻ የመጣ አይደለም። እኛ ስደተኞችና የውጭ አገር ነዋሪዎች ነን፤ በቤታችን ወረቀት ማለት ምን እንደሆነ አስቡት። ወረቀት ማለት ኢቃማ ነው፣ የስደተኛ መታወቂያ ነው፣ የራሽን ካርድ ነው፣ የኪራይ ውል ነው። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ በኡም ራኩባ ወይም በተዋዋ ካምፕ ያለፈ፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ በሐምዳይት በኩል ተሻግሮ ኡም ራኩባና ቱናይድባ የገባ ወገናችን ወረቀት እንዴት እንደሚፈራ ያውቃል። አንድ ፊደል በስም ላይ ከተሳሳተ ስንት ወር እንደሚያመላልስ ያውቃል። ልጆቻችን ይህን እያዩ ነው ያደጉት። አባት ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልሎ ከፍራሽ ሥር ሲያኖር፣ እናት ጽሕፈት ቤት ለመሄድ ስትነሣ ፊቷ ሲለዋወጥ ያያሉ። ስለዚህ ጽሕፈት ለእነሱ የሚጫወቱበት ነገር ሳይሆን የሚጠነቀቁለት ነገር ሆኖ ተቀርጿል። እኛ ሳናስበው ያስተማርናቸው ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ሳቅ ነው። እዚሁ ሰፈራችን የሆነ ነገር ልንገራችሁ። አንዲት የ13 ዓመት ልጅ አገር ቤት ላለች አያቷ በአማርኛ ደብዳቤ ጻፈች። ቡና ላይ እንግዶች ተቀምጠው ሳለ ደብዳቤው ወጥቶ ጮክ ተብሎ ተነበበ። «ናፍቀሽኛል» ለማለት ፊደል ገድፋ ኖሮ ሌላ ቃል ሆኖ ተነበበና ሁሉም ሳቀ። ማንም ክፉ አስቦ አልሳቀም፤ ፍቅር ያለበት ሳቅ ነበር። ልጅቷ ግን ከዚያ ወዲህ ለአያቷ የምትልከው ድምፅ ብቻ ነው። አያቷ ያን ደብዳቤ ብታገኝ ኖሮ ፊደሉን ሳትቆጥር ደረቷ ላይ አድርጋ ታለቅስ ነበር። እኛ ሳቅንበት። የልጅ ልብ እንዲህ በቀላሉ ይዘጋል።

ሦስተኛው ምክንያት የሥራው ክብደት ነው። ልጆቻችን የተሸከሙትን እኛ አናይላቸውም። በሳምንት አምስት ቀን በሱዳን ትምህርት ቤት ከቀኝ ወደ ግራ ይጽፋሉ። ዓርብ ደግሞ ከግራ ወደ ቀኝ ይጽፋሉ። የዐረብኛው ፊደል 28 ነው፤ ቅርጹ በቃሉ መነሻ፣ መካከልና መድረሻ ይለዋወጣል። የእኛው 33 ሆኖ እያንዳንዱ ሰባት ሰባት ቤት አለው፤ ዲቃሎቹን ሳይጨምር 231 ይሆናል። በዐረብኛው አጭሩ አናባቢ አብዛኛውን ጊዜ አይጻፍም፤ በእኛው ግን እያንዳንዱ ድምፅ መልኩን ይዞ ይወጣል። ይህን ሁሉ ለይቶ የያዘ ልጅ «ሰነፍ» ሊባል አይገባውም። ጎበዝ ነው፤ ጎበዝ መሆኑን የነገረው ሰው ስለሌለ ነው የማያውቀው።

እንዲያውም ዐረብኛ ማወቃቸው ለአማርኛ ጽሕፈታቸው እንቅፋት የሚመስለን ወላጆች አለን። እኔ በተቃራኒው ሀብት ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ሁላችንንም በልጅነታችን ያስቸገሩን ሞክሼ ፊደላት ናቸው፤ ሃሌታው «ሀ»፣ ሐመሩ «ሐ»፣ ብዙኃኑ «ኀ»፤ አልፋው «አ» እና ዐይኑ «ዐ»። በአማርኛ ንግግር ድምፃቸው አንድ ስለሆነ የአዲስ አበባ ልጅ በሽምደዳ ብቻ ነው የሚለያቸው። የገዳሪፍ ልጅ ግን «ሐ»ንና «ዐ»ን በዐረብኛ ጉሮሮው ለይቶ ይናገራቸዋል። «ሒሳብ» በየትኛው «ሐ» ይጻፋል ብላችሁ ብትጠይቁት፣ ገበያ ላይ ሱዳናዊው ነጋዴ «ሒሳብ» ሲል ይስማ፤ ሐመሩ «ሐ» ነው። «ሕይወት» በዐረብኛ «ሐያት» ነው። «ሐሩር» የዚህ አገር «ሐር» ነው፤ እሱን በግንቦት ማስረዳት አያስፈልግም። «ዓለም» በዐረብኛም በዐይን ይጀምራል። «ዓመት»ም ከዐረብኛው «ዓም» ጋር ዘመድ ነው። «ዐይን» ራሱ በሁለቱም ቋንቋ ዐይን ነው፤ የዐረቡም ፊደል ስሙ «ዐይን» ይባላል። ዘዴው ሁልጊዜ ባይሠራም ብዙ ጊዜ ይሠራል። ልጁም «እኔ የማውቀው ነገር ለዚህ ይጠቅማል» ብሎ ቀና ይላል። የሚያሳፍረው የመሰለው ነገር መክፈቻ ቁልፉ ይሆናል።

አሁን ስለ ስሕተት ልናገር። የእኛ የጥንት የቄስ ትምህርት ታላቅ ትምህርት ነው፤ ስንት ሊቅ አፍርቷል። ልጁ ፊደል ይቆጥራል፣ ፊደለ ሐዋርያና ወንጌል ያነባል፣ ዳዊት ይደግማል። ጽሕፈት ግን ለብቻው ሙያ ነበር፤ ብራና ዳምጦ፣ ቀለም በጥብጦ የሚጽፈው ጥቂት ሰው ነው። ብራና ውድ ስለሆነ በብራና ላይ መሳሳት ከባድ ነው። ዳዊት በቃሉ የሚደግም፣ ደብዳቤ ግን ሰው ለምኖ የሚያስጽፍ ሽማግሌ የነበረው ለዚህ ይመስለኛል። በየፍርድ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጠው በክፍያ የሚጽፉ ራፖር ጸሐፊዎችንም ታስታውሳላችሁ። አቤቱታው የባለጉዳዩ፣ ቃሉ ግን የጸሐፊው ነበር።

በሱዳን ኸልዋ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። እዚህ ካላችሁ የሙስሊም ወንድሞቻችን ብዙዎቻችሁ በዚያ አልፋችኋል። ልጁ ለውሕ የሚባል የእንጨት ሰሌዳ ይሰጠዋል። ከጥላሸትና ከሙጫ በተሠራ ቀለም፣ በሸምበቆ ብዕር መምህሩ የሚያነቡለትን ይጽፋል። ሙጫውም በገዳሪፍ ገበያ የምናውቀው ሰምግ ነው። የጻፈውን መምህሩ ያርሙለታል፤ በቃሉ ሲይዘው ሰሌዳውን በውኃ አጥቦ በዚያው ላይ አዲስ ይጽፋል። ማታ ማታም በእሳት ዙሪያ ተቀምጠው ያጠናሉ። ስለ ሃይማኖቱ ትምህርት መናገር የእኔ ፋንታ አይደለም። የማደንቀው ሰሌዳውን ነው። ልጁ ገና ከጥዋቱ ይጽፋል፤ ቢሳሳት ስሕተቱ በውኃ ይታጠባል። ትላንት የተጣመመበት ፊደል ዛሬ የሚመሰክርበት ነገር የለም።

የእኛ ልጆች ደብተር ግን አይታጠብም። ቀይ እስክሪብቶ የነካው ገጽ ዓመቱን ሙሉ ይኖራል፤ ወላጅ ይገልጠዋል፣ ጎረቤት ያየዋል። እኔ የምለው ለልጆቻችን የሚታጠብ ሰሌዳ እንስጣቸው ነው። እንጨቱን ማለቴ አይደለም፤ መሞከሪያ ደብተር ማለቴ ነው። ማንም የማያርመው፣ ማንም ሳይፈቀድለት የማይገልጠው፣ ሰርዞ ደልዞ የሚጽፍበት ደብተር። ትልልቅ ደራሲዎችም የሚጽፉት እንዲሁ ነው፤ መጀመሪያ ረቂቅ፣ ከዚያ እርማት፣ ከዚያ ግልባጭ። መጽሐፉ ታትሞ ሲወጣ የምናየው ግልባጩን ነው። ልጆቻችን ግን ከመጀመሪያው መስመር ግልባጭ እንዲጽፉ እንፈልጋለን። ይህማ ለማንም አይቻልም።

ወደ መጀመሪያው ነገር፣ ወደ አንባቢው ልመለስ። ጸጋዬ ገብረ መድኅንን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በ1928 ዓ.ም. አምቦ አካባቢ የተወለደ የገጠር ልጅ ነው። ገና የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ ስለ ንጉሥ ዲዮኒሲዮስና ስለ ሁለት ወንድማማቾች ቴአትር ጻፈ፤ ቴአትሩም አፄ ኃይለ ሥላሴ በተገኙበት ታየ። ተሰጥኦው የራሱ ነው። ነገር ግን አንድ ተማሪ የጻፈውን ነገር መድረክ ላይ ያወጡለት ሰዎች ባይኖሩ ኖሮስ? ደብተሩ ውስጥ በቀረ ነበር። ንጉሥ ማምጣት አንችልም። የልጆቻችንን ጽሑፍ ግን ቁጭ ብለን መስማት እንችላለን።

ወደዚህ ወደ ጠረፋችን ቀረብ ያለ ምሳሌም አለ። ሱለይማን አዶኒያ የሚባል ደራሲ አለ፤ ከሑመራ ማዶ ባለችው በኦም ሐጀር ከኤርትራዊት እናትና ከኢትዮጵያዊ አባት ተወለደ። እ.ኤ.አ. በ1976 በኦም ሐጀር ከደረሰው ጭፍጨፋ በኋላ ቤተሰቡ ወደ ሱዳን ተሰደደ፤ ልጅነቱን በስደተኛ ካምፕ አሳለፈ። ቀጥሎ ጅዳ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1990 ለንደን ሲገባ እንግሊዝኛ አይችልም ነበር። ዛሬ በዚያው በእንግሊዝኛ ልብ ወለድ የሚጽፍ፣ በዓለም የሚነበብ ሰው ነው። የመጀመሪያው መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ2008 ወጣ። በ2018 የወጣው ሁለተኛው መጽሐፉ ታሪኩ በሱዳን የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ነው፤ እኛ የምናውቀው ኑሮ፣ እኛ የምናውቀው አቧራ። ከሁሉ ይበልጥ ደስ ያለኝ ግን አሁን በሚኖርበት በብራሰልስ ለስደተኞች የድርሰት ማስተማሪያ ማቋቋሙ ነው። ያገኘውን ለብቻው አልያዘም፤ ለሌሎችም በር ከፈተ።

እዚህ ላይ ስለ ስልክ አንድ ነገር ልበል፤ ወላጅ ሁሉ ስልኩን ይወቅሳልና። እሱው ደራሲ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣውን ሦስተኛ መጽሐፉን የጻፈው በስልኩ ላይ ነው። ስለዚህ ጥፋቱ የስልኩ አይደለም። የእኛ ልጆች በስልክ ሲጻጻፉ አማርኛውን በእንግሊዝ ፊደል ይጽፉታል፤ ሲደክማቸው ድምፅ ይልካሉ። የግዕዝ ፊደል ግን እ.ኤ.አ. በ1999 ዓለም አቀፉ የኮምፒዩተር ፊደል ሠንጠረዥ ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ቆይቷል። ዛሬ በብዙ ስልኮች ላይ የአማርኛ ፊደል ገበታ ማስገባት የደቂቃ ሥራ ነው። ሱቄ ለሚመጣ ልጅ ሁሉ በነፃ አስገባለታለሁ። ከዚያ በኋላ ለእናቱ «እማዬ ዳቦ ልግዛ ወይ» ብሎ በራሱ ፊደል ይጽፋል። እሱም ጽሕፈት ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነቱ ሲጀመር የልጆቻችን ትምህርት ተቋረጠ። ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። እዚህ ገዳሪፍም በመጀመሪያ ከካርቱም፣ ኋላም ከዋድ መደኒና ከሲንጃ ለተፈናቀሉ ሰዎች ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች መጠለያ ሆኑ። ዩኒሴፍ በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በሱዳን 19 ሚሊዮን ያህል ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጪ መሆናቸውን ገልጾ ነበር። ከነዚያ መካከል የእኛም ልጆች ነበሩበት። ከመካከላችን በመተማ በኩል ወደ አገር ቤት የተመለሱ አሉ፤ ወደ ሌላ አገር የሄዱ አሉ፤ እዚሁ የቆየን አለን። ልጆቹ ጊዜ አልፏቸዋል። የ14 ዓመት ልጅ ከ10 ዓመት ልጅ ጋር አንድ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ምን እንደሚሰማው ገምቱ። ቁመቱ ረዘመ፣ ጽሕፈቱ ግን እዚያው ቀረ። ያ ልጅ ሲጽፍ እጁን በክንዱ ይጋርዳል።

የሒሳብና የሳይንስ መጻሕፍት በሌሉበት ብዙ ትምህርት አይቀጥልም። ጽሕፈት ግን ትምህርት ቤት ቢዘጋም ሊቀጥል የሚችል ነገር ነው። አንድ ደብተር፣ አንድ እርሳስና አንድ አንባቢ ካለ ይበቃዋል። ደግሞም ልጆቻችን በነዚህ ዓመታት ያዩት ነገር አለ። መንገድ ላይ ያደሩ አሉ፤ ወንድም የተለዩ አሉ። በአፋቸው አይናገሩትም፤ እኛም አንጠይቃቸውም። ወረቀት ላይ የሚወጣላቸው ልጆች ግን ይኖራሉ። ጻፉ ብለን አናስገድዳቸው፤ ደብተሩንና ጸጥታውን እንስጣቸው።

አንዳንድ ወላጆች በዚህ ጉዳይ ላይ የሚያነሱትን ጥያቄ አውቃለሁ፤ በማኅበራችን ስብሰባም ተነሥቷል። «ልጁ የሚኖረው ሱዳን ነው፣ ነገ ደግሞ የት እንደሚኖር አይታወቅም፤ አማርኛ መጻፍ ምን ያደርግለታል? ዐረብኛውንና እንግሊዝኛውን ይያዝ» ይባላል። ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ እንጀራ ያስጨነቀው ሰው የሚጠይቀው ነው። እኔ ግን እንዲህ እላለሁ። በሱዳን ትምህርት ቤት ተዕቢር የሚባል የድርሰት ትምህርት አለ። በቤቱ ቋንቋ ሐሳቡን ደርድሮ መጻፍ የለመደ ልጅ፣ መጀመሪያ ምን፣ ቀጥሎ ምን፣ መጨረሻ ምን እንደሚል ያውቃል። በተዕቢርም የሚጎድለው ቃል ነው እንጂ ሐሳብ አይደለም። ቃል ይለመዳል። ለመናገር የሚፈራ ልጅ ግን በሦስት ቋንቋ ቢማር በሦስቱም ዝም ይላል።

ሌላም ነገር አለ። ነገ ልጆቻችን የት ይሁኑ የት፣ የሆነ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ተቀምጠው «ታሪክህን ጻፍ» መባላቸው አይቀርም። ለዩኒቨርሲቲ ይሁን፣ ለሥራ ይሁን፣ ለመኖሪያ ፈቃድ ይሁን ይጠየቃሉ። በዚያን ቀን ሌላ ሰው እንዲጽፍላቸው ከለመኑ፣ ታሪካቸው የሌላ ሰው ቃል ይሆናል። ብዙዎቻችን በዚህ አልፈናል። የደረሰብንን እኛ እናውቃለን፤ ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ግን ሌላ ነው። ለልጆቻችን ይህን አንመኝላቸውም።

«እኔ ራሴ ሳልጽፍ ልጄን እንዴት አበረታታለሁ?» የምትሉ እናቶችም አላችሁ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. በአገራችን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር እኔ ልጅ ነበርኩ። ዘመቻው በ15 ቋንቋዎች የተካሄደ፣ እ.ኤ.አ. በ1980 የዩኔስኮን ሽልማት ያገኘ ትልቅ ሥራ ነበር። በሰፈራችን ቀን ሲሠሩ የዋሉ ሰዎች ማታ በኩራዝ ተሰብስበው ፊደል ይቆጥሩ ነበር። በጣት አሻራ ይፈርሙ የነበሩ ሴቶች ስማቸውን ጻፉ። ከዓመታት በኋላ ሳይ ግን ሰዎቹ ሁለት ዓይነት ሆነው ነበር። ወታደር ልጅ ያላቸው እናቶች ደብዳቤ ሲጻጻፉ ቆይተው ፊደላቸውን አልረሱም። የሚጽፉለት ሰው ያልነበራቸው ግን ሰርተፍኬቱን ግድግዳ ላይ ሰቅለው ፊደሉን ረሱት። ከዚህ የተማርኩት ነገር ጽሕፈት በማወቅ ብቻ እንደማይኖር ነው፤ በመላላክ ነው የሚኖረው። ስለዚህ እናቶች፣ ልጃችሁ ያስተምራችሁ። ልጅን እናቱን ከማስተማር የበለጠ የሚያኮራው ነገር የለም።

እንግዲህ ከወሬ ወደ ሥራ እንድንሄድ ለኢዮቤልዩአችን የሚከተሉትን አምስት ነገሮች አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ እያንዳንዱ ልጅ ሁለት ደብተር ይኑረው፤ አንዱ መሞከሪያ፣ አንዱ ንጹሕ። መሞከሪያውን ማንም አያርም። ለዓርብ ክፍላችን ልጆች የመጀመሪያውን ዓመት መሞከሪያ ደብተር እኔ ከሱቄ እሰጣለሁ። በዱቤ አይደለም፤ በስጦታ ነው።

ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ልጅ በወር አንድ ጊዜ በእውነት ለሚኖር ሰው ደብዳቤ ይጻፍ። ጎንደር፣ ደሴ፣ መቀሌ፣ ሐረር ላለች አያት፣ ወይም ከዚህ ለሄደ ጓደኛ። በስልክ ፎቶ አንሥቶ መላክ ይቻላል። የደረሰው ሰው መመለስ አለበት። አያት መጻፍ ካልቻለች በድምፅ ትናገር፤ ልጁ የተናገረችውን በፊደል ይገልብጠው። እንዲህ ከሆነ የአያት ታሪክም አይጠፋም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለም?

ሦስተኛ፣ ብዙዎቻችን በተማርንባቸው ትምህርት ቤቶች እንደነበረው ሁሉ በማኅበሩ አዳራሽ የግድግዳ ጋዜጣ ይኑረን። በወር አንድ ጊዜ ልጆች የመረጡትን በንጹሕ ገልብጠው ይለጥፉ። አማርኛም፣ ትግርኛም፣ ኦሮምኛም፣ ዐረብኛም ይሁን። ቡና ልንጠጣ ስንመጣ ቆመን እናንብብ። ያነበብነውንም ለልጁ እንንገረው፤ «ጎበዝ» ብቻ ሳይሆን «ስለ ሰሊጥ አጨዳው የጻፍከው አባቴን አስታወሰኝ» እንበለው።

አራተኛ፣ ስናርም መጀመሪያ ስለ ሐሳቡ እንጠይቅ፣ ፊደሉ ይቆይ። በአንድ ጊዜም ከሁለት ስሕተት በላይ አናንሣ። አሥር ስሕተት የተነገረው ልጅ አንዱንም አያስታውስም፤ ሁለት የተነገረው ሁለቱን ያስተካክላል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

አምስተኛ፣ የልጅ ጽሑፍ የቡና ላይ መሳቂያ አይሁን። ልጁ ሳይፈቅድ ጮክ ተብሎ አይነበብ። የታላቅን ከታናሽ፣ የጎረቤትን ከራስ ልጅ አናወዳድር።

ውድ ወገኖቼ፣ ማኅበራችን በነዚህ 25 ዓመታት የታመመ አሳክሟል፣ የሞተ ቀብሯል፣ ለተቸገረ አዋጥቷል። ይህን ሁሉ የሠሩ ሰዎች ስም በየቃለ ጉባኤው አለ፤ ቃለ ጉባኤውን የጻፉት ግን ጥቂት ሰዎች ናቸው። ከእነሱም መካከል ዛሬ ከእኛ ጋር የሌሉ አሉ፤ ነፍሳቸውን ይማር። የ50ኛውን ዓመት መጽሔት የሚጽፉት ዛሬ እዚህ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚንሾካሾኩት ልጆች ናቸው። ያኔ የት እንደሚሆኑ አላውቅም፤ መጽሔቱም የት እንደሚታተም አላውቅም። ጽፈው ሲያመጡልን ቁጭ ብለን የምናነብላቸው ከሆነ ግን ይጽፉታል ብዬ አምናለሁ።

እግዚአብሔር አገራችንንና ይህችን ያስጠለለችንን አገር ሰላም ያድርግልን።